ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶች ራሳቸውን ለአደጋ የሚያጋልጡት ለምንድን ነው? ከሥሩ እንነጋገርበት

የሜሪላንዷ ነርስ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን እዚሁ መድረክ በሌላ ክር (ውይይት) ላይ አንድ ሰው «እነዚህ ሰዎች ኤችአይቪ የሚይዛቸው ስለማይጠነቀቁ ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት» ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው ደግፎታል። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ ኤችአይቪ እመረምራለሁ፣ ምክርም እሰጣለሁ። የአገራችን ልጆችም ይመጣሉ። ያንን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«አይጠነቀቁም» የሚለው አባባል ምንም አያስረዳም። ለምን አልተጠነቀቀም? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንድ ሌሊት ብቻ? ከማን ጋር ሲሆን? ምን ጠጥቶ? እነዚህን ስትጠይቁ ነው ነገሩ የሚገለጠው።

በ2003 የታተመ አንድ ጥናት አለ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በኒውዮርክ፣ በሳንፍራንሲስኮ፣ በሎስ አንጀለስና በቺካጎ የሚኖሩ ከ2,800 በላይ ወንዶችን አነጋግሯል። አጥኚዎቹ አራት ሸክሞችን አዩ፦ የተለያዩ አደንዛዥ ዕፆችን መጠቀም፣ ድብርት፣ በልጅነት የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት፣ ከፍቅረኛ የሚደርስ ዱላ። አንዱ ብቻ ያለበት ሰው አለ፣ ሁለትና ሦስት የተደራረበበትም አለ። ሸክሙ በተደራረበ ቁጥር ያለ ኮንዶም አደገኛ ግንኙነት የመፈጸሙም፣ ቫይረሱ በደሙ የመገኘቱም ዕድል አብሮ ጨመረ። አንዱ ችግር ሌላውን እየጎተተ ነው የሚመጣው።

ሌላው፣ በስድስት የአሜሪካ ከተሞች ከቫይረሱ ነፃ የሆኑ 4,295 ወንዶችን ከ1999 እስከ 2003 የተከታተለው ትልቅ ጥናት ነው። ግማሾቹ ከአማካሪ ጋር ለብቻቸው አሥር ጊዜ ተቀምጠው ረጅም ምክር አገኙ፣ ሌሎቹ የተለመደውን አጭር ምክር። በቫይረሱ በመያዝ በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት መጀመሪያ ላይ ታየና እየቆየ ደበዘዘ። በኋላ መረጃውን መለስ ብለው ሲያዩት ከተሳታፊዎቹ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሆነው ተገኙ። እነዚህ ወንዶች ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡ ነበሩ፣ ምክሩም እነሱ ላይ አልሠራም።

ይህን ደግማችሁ አንብቡልኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ዘመድ የደፈረው ሰው፣ ገላው የራሱ እንዳልሆነ ሆኖ ነው ያደገው። «እምቢ» ማለት በሕይወቱ ሠርቶለት አያውቅም። ለሱ «ኮንዶም ተጠቀም» የሚል ወረቀት መስጠት ምን ይጨምርለታል? ኮንዶምን ያውቃል። የሚያስፈልገው ቁስሉን የሚያክም ሰው ነው።

ሐሳባችሁን ጻፉ። ባትስማሙም ጻፉ።

ወልደ ማርያም

እህቴ፣ በአክብሮት ነው የምጽፈው። ልጅ ሆኖ የተጎዳ ሰው ያሳዝነኛል፣ እግዚአብሔር ይማረው። ነገር ግን ሁሉን ነገር በድብርትና በልጅነት እያመካኘን ከሄድን ሰው ለሥራው ተጠያቂ መሆኑ የት ሊቀር ነው? ተጎድቶም ራሱን ገዝቶ የሚኖር ብዙ ሰው አለ። ሃይማኖቴ ይህን ድርጊት አይፈቅድም፣ ይህንንም አልደብቅም። ጠላት ስለሆንኩ ግን አይደለም የምናገረው።

የኤፒ ተማሪ

ጋሼ ወልደ ማርያም፣ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። የምማረው ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ስለሆነ ከቁጥር አንፃር ልመልስልዎ።

ሁለት ሰዎች እኩል «ቢሳሳቱ» እኩል አይቀጡም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በሚጠቀምበት ግምት መሠረት ሕክምና ካልጀመረ፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር ያለ ኮንዶም በሚደረግ የፊንጢጣ ግንኙነት፣ በተቀባዩ በኩል ላለው ሰው የመያዝ ዕድሉ ከ10,000 ጊዜ 138 ነው። በሴት ብልት በሚደረግ ግንኙነት ለሴቷ ከ10,000 ጊዜ 8 ነው። ወደ 17 እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ስስ ስለሆነና ቫይረሱ የሚፈልጋቸው ሕዋሳት እዚያ ስለሚበዙ ነው፣ ከሥነ ምግባር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በዚያው ቦታ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ካለ ደግሞ ይብሳል፣ ብዙ ጊዜም ምልክት ስለሌለው ሰውየው አያውቀውም።

ሌላው በጣም የሚያስገርመኝ ነገር ይህ ነው። የአሜሪካ ጥቁር ወንዶች ከነጮቹ ይበልጥ ስለሚዳፈሩ ነው የሚያዙት የሚል ግምት ነበር። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስበው ሲመረምሩ ጥቁሮቹ ከነጮቹ የበለጠ አልተዳፈሩም፣ ዕፅ መጠቀም ላይ እንዲያውም ያንሳሉ። ሆኖም በ2016 ይኸው ማዕከል ባወጣው ስሌት፣ የወቅቱ ሁኔታ ከቀጠለ፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት ከሚፈጽሙ ጥቁር ወንዶች ከሁለት አንዱ በዕድሜ ዘመኑ በቫይረሱ ይያዛል ተባለ። ከነጮቹ ከ11 አንዱ። ልዩነቱን ያመጣው ሰውየው የሚያገኛቸው ሰዎች ክበብ ነው። የጤና ኢንሹራንስ የሌለው፣ ዘግይቶ የሚመረመር፣ መድኃኒት ያልጀመረ ሰው በበዛበት ክበብ ውስጥ አንድ ስህተት ብዙ ያስከፍላል። ዲሲ፣ አትላንታ ወይም ዳላስ የሚኖር የአበሻ ልጅ ብዙ ጊዜ ያው ክበብ ውስጥ ነው።

አንድ ልጨምር። በአምስት የአሜሪካ ከተሞች መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2009 የወጣ ስሌት እንደሚለው፣ በእነዚህ ወንዶች መካከል ከሚተላለፈው ኤችአይቪ 68 በመቶው የሚመጣው ከቋሚ ፍቅረኛ ነው። ሁላችንም ስለ ጨለማ ቡና ቤት ስናወራ አብዛኛው የሚተላለፈው ቤት ውስጥ፣ በሚታመን ሰው በኩል ነው። ከቋሚ ሰው ጋር ግንኙነቱ ይደጋገማል፣ ኮንዶሙም ቶሎ ይቀራል። «ኮንዶም እንጠቀም» ማለት «አላምንህም» ማለት ይመስላልና። ይህ በወንድና በሴት መካከልም ያለ ነው፣ ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ።

ዝምተኛው

ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። እኔ ከምታወሩላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። አካውንቱን የከፈትኩት ዛሬ ነው።

ነርሷ «ምን ጠጥቶ» ብላ ጠይቃለች። ሳልጠጣ ሰው ማግኘት አልችልም። ሰክሬ ካልሆነ የእናቴ ድምፅ ይመጣብኛል። ከሰከርኩ በኋላ ደግሞ ስለ ኮንዶም የማስብበት ጭንቅላት የለኝም። የምኖረው ከሦስት ያገሬ ልጆች ጋር ነው፣ ኪሴ ውስጥ ኮንዶም ቢገኝ «ሴት ያዘ» ብለው ይስቁና ያልፋሉ፣ ቅባት ቢገኝ ግን ምን ይሉኛል? ስለዚህ ምንም አልይዝም። ከሰው ጋር የምገናኘው በስልክ አፕ ነው፣ ፊቴን ሳላሳይ። ስንገናኝ መኪና ውስጥ ወይም በማላውቀው ቤት፣ በችኮላ። «ተመርምረሃል?» ብሎ መጠየቅ ወሬ ያስረዝማል፣ ወሬ ከረዘመ ስም ይመጣል፣ ከየት አገር እንደሆንኩ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ማንም ሳያውቀኝ መውጣት ነው።

አንድ ጊዜ ክሊኒክ ሄጄ አስተርጓሚ ይመጣል ሲሉኝ በመስታወቱ በኩል አየሁት። ቤተ ክርስቲያን የማውቀው ሰው ነበር። በሌላው በር ወጣሁ።

ጋሼ ወልደ ማርያም፣ ራሴን መግዛት ሞክሬአለሁ። ጾሜአለሁ፣ ሱባኤ ገብቻለሁ። ራሴን የምገዛባቸው ወራት አሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ይመጣል፣ ያ ሌሊት ግን ምንም ያልተዘጋጀሁበት ነው። ምክንያቱም መዘጋጀት ማለት «አደርገዋለሁ» ብሎ ለራስ ማመን ነው።

የሜሪላንዷ ነርስ

ወንድሜ ዝምተኛው፣ እንኳን ጻፍክ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ እኔ በብዙ አንቀጽ ያልቻልኩትን አስረድቷል። አስቀድሞ የማይታመንበት ነገር አስቀድሞ አይጠነቀቁለትም።

ስለ አስተርጓሚው፦ ቋንቋ የሚያስፈልገው ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለው፣ አስተርጓሚውን ግን የግድ ፊት ለፊት ማየት የለብህም። ቀጠሮ ስትይዝ «በስልክ ይሁንልኝ፣ ከሌላ ስቴት ይሁን፣ ስሜም አይነገረው» በል። ያለ ስም የሚመረምሩ ቦታዎችም አሉ። የዲሲ ነዋሪ ከሆንክ ከተማው የቤት ውስጥ መመርመሪያ በነፃ በፖስታ ይልካል። አብረውህ የሚኖሩት እንዳያዩት ከፈራህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሌላ መንገድ እነግርሃለሁ።

የቄራ ልጅ

እኔ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እናንተ ስለ ክሊኒክ ምርጫ ታወራላችሁ፣ እዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት የፈጸመን ሰው በእስር ይቀጣል። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ፊንጢጣዬን ያመኛል» ማለት እንኳ ያስፈራል፣ ቀጥሎ «ምን ሆነህ ነው?» ይመጣላ። በአገሪቱ የኤችአይቪ ዕቅድ ትኩረት የሚሰጣቸው ተብለው በሚዘረዘሩት ውስጥ ዜጎች (ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶች እዚህ በመካከላቸው የሚጠሩበት ስም ነው) የሉበትም።

እኛ ስናድግ በሬዲዮ፣ በቢልቦርድ፣ በትምህርት ቤት ክበብ ስለ ኤችአይቪ የሰማነው ሁሉ ስለ ወንድና ሴት ነበር። ስለዚህ ብዙ ልጅ ከወንድ ጋር ከሆነ አይተላለፍም ብሎ አመነ። የማውቃቸው ልጆች ከሴት ጋር ሲሆኑ ኮንዶም ይጠቀማሉ፣ ከወንድ ጋር ሲሆኑ ይተዉታል፣ እየተጠነቀቁ የሆኑ እየመሰላቸው! ኮንዶም የሚጠቀመውም ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ይቀባበታል። ቅባት ያለው ነገር ላቴክሱን (ኮንዶሙ የተሠራበትን ላስቲክ) ያላላውና ይቀደዳል። በውኃ የተሠራው ቅባት ነው የሚያስፈልገው፣ እሱን ከየት ታመጣለህ?

ከዚያ ደግሞ ትዳር አለ። ቤተሰብ ሲገፋ ያገባል፣ ሚስቱ ምንም አታውቅም። እሷ የየትኛው ቁጥር ውስጥ ናት?

የኤፒ ተማሪ

የቄራ ልጅ ያነሳው የሕግ ነገር በደንብ ተጠንቷል። ናይጄሪያ በ2014 መጀመሪያ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻንና ማኅበራትን የሚከለክል ጥብቅ ሕግ አወጣች። በአጋጣሚ በአቡጃ ከሕጉ በፊት የተጀመረ ጥናት ስለነበረ በፊትና በኋላ ማነጻጸር ተቻለ። ሕክምና ለመሄድ እፈራለሁ ያሉት ከ25 በመቶ ወደ 38 በመቶ ወጡ። በአሥር የአፍሪካ አገሮች መረጃ ላይ የተሠራ ሌላ ሥራ ደግሞ ድርጊቱ በወንጀል በሚያስቀጣበት አገር የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ወንዶች፣ ከማያስቀጣበት አገር ካሉት ይልቅ ቫይረሱ ሊገኝባቸው የሚችልበት ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሕጉ ብቻውን ነው ያመጣው ማለት አይቻልም፣ የአገሮቹ ልዩነት ብዙ ነው። ግን ሕጉ ሰዎቹን ከድርጊቱ አላስቆመም፣ ከሐኪም ነው ያራቃቸው።

ሳሮን (የአእምሮ ጤና)

ስለ ድብርት አንድ ማስተካከያ። ሁላችንም «የባሰ ድብርት፣ የባሰ አደጋ» ብለን እናስባለን። እንደዚያ ቀጥተኛ አይደለም። ቫይረሱ ባለባቸው ወንዶች ላይ የተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል ከሁሉም በላይ አደገኛ ግንኙነት የታየባቸው መካከለኛ ድብርት ያለባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ድብርቱ ሲከብድ ሰው ከአልጋ አይነሳም፣ ወሲብም አያምረውም። መካከለኛው ነው አስቸጋሪው፦ ሰውየው ሥራ ይሄዳል፣ ይስቃል፣ ማታ ግን ብቸኝነቱን የሚያስረሳው ነገር ይፈልጋል። ማንም ታምሟል ብሎ አይጠረጥረውም፣ እሱ ራሱም።

ሁለተኛው ዕፅ ነው። ዝምተኛው የጻፈው መጠጥ አንድ ደረጃ ነው። በለንደን፣ በኒውዮርክና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ክሪስታል ሜትና ጂ የሚባለውን ፈሳሽ ለወሲብ ብለው የሚወስዱ አሉ። ሜት ሰውን ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ሳያስተኛ ያቆያል፣ ሕመም አይሰማም፣ ፍርሃትና እፍረት ይጠፋሉ። እፍረት ተሸክሞ ላደገ ልጅ ያ የመጀመሪያ ቀን እፎይታ ነው የሚመስለው፣ ሱሱም የሚያይለው ለዚህ ነው። ጂ ደግሞ ከአልኮል ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ያቆማል። የአበሻ ልጆችም እዚህ ውስጥ ሲገቡ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ስታውቁ አትሸሹ፣ አንድ ሰው ብቻ እንኳ ከጎኑ ቢኖር ለውጥ አለው።

ፋርማሲስቱ

አሁን ሊደረግ ስለሚችለው ልናገር። ፕሬፕ የሚባለው መድኃኒት ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ተፈቅዷል። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፣ በሁለት ወር አንዴ የሚወጉት አለ፣ ከ2025 ወዲህ ደግሞ በስድስት ወር አንዴ የሚሰጥ ሌናካፓቪር የተባለ መርፌ ተፈቅዷል። በዚህ መርፌ ሙከራ፣ መርፌውን ከወሰዱ ከ2,100 በላይ ሰዎች (አብዛኞቹ ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶች) የተያዙት ሁለት ብቻ ናቸው። ክኒን ቤቱ ማስቀመጥ ለሚፈራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አደጋው ትናንት ማታ ከሆነ ፔፕ አለ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ እስከ ሦስተኛው ቀን አትጠብቁ።

ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ መጠኑ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ከደረሰ በግንኙነት አያስተላልፍም። በአውሮፓ 782 የወንድ ጥንዶች ከ76,000 ጊዜ በላይ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ፈጽመው፣ ከጥንዱ አንዱ ወደ ሌላው ያስተላለፈበት አንድም አልተገኘም። በ2019 የታተመ ነው።

ሐበሻዊ ጥያቄ

እና ፕሬፕ ሰውን የባሰ አያዳፍረውም? ክኒን አለኝ ብሎ ኮንዶም ይጥላላ።

ፋርማሲስቱ

አንዳንዱ ይጥላል፣ እውነት ነው። ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያን ፕሬፕ አይከላከልም። ነገር ግን ፕሬፕ የሚወስድ ሰው በየሦስት ወሩ ይመረመራል፣ እነዚህም ይገኙና ይታከማሉ። ፕሬፕ የሌለውም ቢሆን ያው ኮንዶም ሳይጠቀም ሲቀር እያየን ነው፣ ዝምተኛውን አንብበው። ዶክሲሳይክሊን ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊግራም መውሰድ ቂጥኝንና ክላሚዲያን በእጅጉ እንደሚቀንስ ስለታየ በ2024 መመሪያ ወጥቶለታል። ሐኪም ሳይጠየቅ ግን አይጀመርም።

እህቱ ነኝ

ወንድሜ እንዲህ እንደሆነ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፣ እሱ ግን ማወቄን አያውቅም። እየጠጣ ነው፣ እየከሳ ነው። ምን ብዬ ልጀምር?

ሳሮን (የአእምሮ ጤና)

እህቴ፣ ስለ እሱ ማንነት አትጀምሪ። ስለ መጠጡና ስለ መክሳቱ ጀምሪ። «ያስጨነቀህ ነገር ምንም ይሁን ምን እኔ እህትህ ነኝ፣ እናታችንም አትሰማም» በዪው፣ ከዚያ ዝም በዪ። በዚያ ቀን ባይመልስልሽም ሰምቶሻል። መክሳቱ ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነውና «አብሬህ ልሂድ» በዪው። ደጅ ጠብቂው፣ ውስጥ አትግቢ።

ወልደ ማርያም

ሁሉንም አነበብኩ። እምነቴ አልተለወጠም፣ የልጁ ጽሑፍ ግን ከብዶኛል። በሌላው በር ወጣሁ ያለው። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እንዲህ ያለ ልጅ ለንስሐ አባቱ ቢናገር አባትየው ምን ቢያደርጉ ነው ልጁ የማይጎዳው?

የሜሪላንዷ ነርስ

ጋሼ፣ ይህን ስለጠየቁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይበቃኛል። ምሥጢሩን ለቤተሰብ አያውጡት። «አግባና ይለቅሃል» አይበሉት፣ ያኔ የማታውቅ ሴት ልጅም አብራ ትጎዳለችና። ቫይረሱ ካለበት ደግሞ ከመድኃኒቱ አያስቁሙት። ጸበል ብለው መድኃኒት ያቆሙ ሰዎችን ሞት ሁላችንም እናስታውሳለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ2007 ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። ስለ ቀረው እርስዎና እኔ ላንስማማ እንችላለን።

ዝምተኛው

ነርሷ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። እዚህ የምጠይቀው ለሌሎችም እንዲጠቅም ነው፦ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አላለቀም። ተመርምሬ ቢገኝብኝ ያስመልሰኛል?

የሜሪላንዷ ነርስ

መልእክትህ ደርሶኛል፣ ዛሬ ማታ እመልስልሃለሁ። ጥያቄህን በተመለከተ፦ አያስመልስህም። ኤችአይቪ ወደ አሜሪካ ለመግባትም ሆነ ግሪን ካርድ ለማግኘት መከልከያ መሆኑ ከጥር 2010 ጀምሮ ቀርቷል። የምርመራ ውጤትህን ክሊኒኩ ለኢሚግሬሽን አይልክም። ስለ ጥገኝነት ማመልከቻህ ይዘት ግን ከጠበቃህ ጋር ተነጋገር፣ በፆታ ዝንባሌው ምክንያት አገሩ ላይ የሚሳደድ ሰው ያንን መሠረት አድርጎ ማመልከት ስለሚችል ጠበቃህ ማወቅ አለበት። ጠበቃ የሌለህ ከሆነ ነፃ የሚሠሩ አሉ፣ ዝርዝሩን ከመልሴ ጋር እልክልሃለሁ።